መሪ፣ ፔዳልና የሱቅ ሚዛን፦ የ11 ሳምንት የሥራ ማስታወሻ

ሳምንት 1

መሪው ሐሙስ ማታ ደረሰ። ሎጂቴክ ጂ 29 የሚባል የኮምፒውተር መኪና ጨዋታ መሪ፣ ያገለገለ፣ 27,000 ብር። ከአዲስ አበባ ጎንደር ድረስ ላመጣልኝ ሰው 500 ብር። ካርቶኑ ውስጥ መሪው ከነሞተሩ፣ በአንድ ሰሌዳ ላይ የተገጠሙ ሦስት ፔዳሎች (ፍሪሲዮን፣ ፍሬን፣ ነዳጅ) እና ባለ 24 ቮልት አዳፕተር አሉ። የማርሽ ዘንጉ ለብቻው ስለሚሸጥ ለጊዜው ተውኩት፤ ማርሽ የምቀይረው ከመሪው ጀርባ ባሉት ሁለት ምላሶች ነው።

ሰካሁት፣ ላፕቶፑ አወቀው፣ ጨዋታ ውስጥ ስገባ ግን መሪው ልል ነው። ምንም ኃይል የለውም። ሁለት ሰዓት ሶፍትዌር ሳጠፋና ስጭን ቆየሁ። ችግሩ መሪው አናት ላይ ያለች ትንሽ ማብሪያ ነበረች። ለፕሌይስቴሽን 3 እና ለፕሌይስቴሽን 4 የምትቀያየር ናት፤ 4 ላይ ነበረች። 3 ላይ አድርጌ ነቅዬ ስሰካው መሪው ራሱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እስከ ጫፍ አዙሮ መሐል ላይ ቆመ። ይህን ሲያደርግ ካላያችሁ ኃይሉ አልመጣም ማለት ነው። ሌላ ነገር ከመነካካታችሁ በፊት ማብሪያዋንና አዳፕተሩን እዩ።

የሞከርኩት ላይቭ ፎር ስፒድ በሚባል የመኪና ጨዋታ ነጻ ማሳያ ነው። ፋይሉ ትንሽ ነው፣ አሮጌ ላፕቶፕ ይችለዋል፣ ብላክዉድ የሚባል ሜዳና ሦስት መኪና አለው። መኪናው ኋላው ሲከዳ መሪው በእጄ ውስጥ ራሱ ወደ ተቃራኒው መዞር ይጀምራል። ኪቦርድ ላይ ዓመታት ስጫወት የኋላ ጎማ መንሸራተቱን የማውቀው በዓይኔ ካየሁት በኋላ ነበር። አሁን እጄ ከዓይኔ ቀደመ።

ግን ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል። ወንበሬ ደግሞ ተሽከርካሪ ነው፤ ፍሬን ስረግጥ እኔ ወደ ኋላ እሄዳለሁ። አልጋው ነው የሚያቆመኝ።

ሳምንት 2

የእንጨት ማቆሚያ ሠራሁ። የባሕር ዛፍ አጣና ለእግሩ፣ የቆየ የበር ጣውላ ለላዩ፣ ምስማር፣ ሁለት የብረት ማዕዘን። 1,600 ብር።

አልሆነም። አጣናው ገና እርጥብ ስለነበር በአምስተኛው ቀን ደርቆ ተጣመመ፣ ምስማሮቹም ላሉ። ግን ዋናው ጥፋት የእንጨቱ አይደለም፤ ሁሉንም ነገር በምስማር መምታቴ ነው። ምስማር ወደ ታች የሚጫንን ነገር ይይዛል። መሪ ግን ግራና ቀኝ ያለማቋረጥ ይወዘውዛል፣ ምስማር ደግሞ በውዝዋዜ ይወጣል። እንጨት የግድ ከሆነባችሁ የደረቀ ይሁን፣ ማያያዣውም ቡሎን ከነሮንዴላው ይሁን። ይህን ሳምንት ሰውነቴም ገንዘቤም በከንቱ ደከመ።

ሳምንት 3

ወደ ብረት ዞርኩ። ባለ 40 በ 40 ቱቦላሬ፣ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ ሁለት ባለ 6 ሜትር ዘንግ፣ አንዱ 2,900 ብር። ቁራጭ ላሜራ 900። ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ላይ ወዳለ ብየዳ ቤት ወሰድኩት። ያዘጋጀሁትን ሥዕል ባለብየዳው አዩትና፦

«የኔ ልጅ፣ ይኼ አልጋ ነው ወይስ ወንበር?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ መሪ የሚቀመጥበት ነው። ለኮምፒውተር።»

ሥዕሉን ገልብጠው ጀርባው ላይ በጠመኔ ሌላ ሣሉልኝ። እኔ መሪውን ፊት ለፊት ባሉ ሁለት እግሮች ላይ ብቻ አስቀምጬው ነበር። እሳቸው ከእያንዳንዱ እግር መሐል ወደ ወንበሩ ሥር የሚወርድ አንድ ሰያፍ ብረት ጨመሩ። «ሦስት ማዕዘን ያልሆነ ነገር ይወዛወዛል» አሉ። ለሁለቱ ሰያፎች የወጣው ቱቦላሬ ከአንድ ሜትር ተኩል አይበልጥም፤ የማቆሚያው ጥንካሬ ግን ከዚያ ነው የመጣው። ብየዳ 2,000 ብር፣ ቀለም 600።

ስህተት፦ መሪው የሚታሰርበትን ላሜራ ራሴ በትራፓኖ በሳሁት። መሪው ሥር ለኤም 6 ቡሎን የሚሆኑ ጥርስ ያላቸው ቀዳዳዎች አሉ። በሜትር ለክቼ ነበር፤ አንዱ ቀዳዳ በ4 ሚሊ ሜትር ሳተ። በክብ ሞረድ እያሰፋሁ ግማሽ ቀን አለፈ። ለፔዳሉ ግን ወረቀት ሥሩ ላይ አስቀምጬ በጣቴ እየተጫንኩ ቀዳዳዎቹን አተምኩ፣ ወረቀቱን ላሜራው ላይ ለጥፌ በፑንቶ መታሁ፣ ከዚያ በሳሁ። በ20 ደቂቃ አለቀ፣ ሁሉም ገጠመ። የቡሎኑን ርዝመትም ተጠንቀቁ፤ ከላሜራው አልፎ የሚገባው ከበዛ የመሪውን ውስጥ ይወጋል። በሮንዴላ አሳጠርኩት። ቡሎንና ዳዶ ጠቅላላ 450 ብር።

ሳምንት 4

ወንበር። አዘዞ አንድ ጋራዥ ውስጥ ከተገጨ አባዱላ የወጣ የሾፌር ወንበር አገኘሁ፣ ከነሐዲዱ 3,500 ብር። ሐዲዱ ወሳኝ ነው፤ እኔ ረጅም ነኝ፣ ታናሽ እህቴ አጭር ናት፣ ሁለታችንም እንቀመጥበታለን። ጨርቁን እናቴ በድሮ ጋቢ ሸፈነችው።

የተቀመጠበት አንግል ሁለት ጊዜ ተቀይሯል። መጀመሪያ ጠፍጣፋ አደረግሁት፤ ፍሬን ስረግጥ መቀመጫዬ ወደ ፊት ይንሸራተታል። የፊቱን ጠርዝ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ሳደርገው ቆመ።

ሳምንት 5

ነዳጅ ፔዳሉ መዝለል ጀመረ። እግሬን ሳላነቃንቅ ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር 60 በመቶ፣ 85፣ 60፣ 100 ይላል። የእያንዳንዱ ፔዳል አንግል የሚለካው ፖቴንሽዮሜትር በሚባል ተለዋዋጭ ሬዚስተር ነው፤ ውስጡ የካርቦን መንገድ አለ፣ አቧራ ሲገባበት ይዘላል። የእኛ ቤት ከኮረኮንች መንገድ ዳር ስለሆነ በበጋ አቧራው አይጣል ነው።

ፈታሁት፣ ኮንታክት ክሊነር (650 ብር) በቀጭኗ ቱቦ ሁለት ጊዜ ረጨሁ፣ ዘንጉን 30 ጊዜ ያህል ወዲያና ወዲህ አዞርኩ፣ አደረቅሁ። ዳነ። የዝገት ማላቀቂያ ቅባት እንዳትረጩበት፤ ቅባቱ እዚያው ይቀርና አቧራ ይሰበስባል። አሁን ስጨርስ ፔዳሉን በፌስታል እሸፍናለሁ።

ሳምንት 6

ሁለት ነገር።

አንደኛ፣ የፎርስ ፊድባክ (መሪው ወደ እጅ የሚመልሰው ኃይል) መጠን። አሴቶ ኮርሳ የሚባል የእሽቅድምድም ጨዋታ ላይ 100 በመቶ አድርጌው ነበር፤ ኃይል በበዛ ቁጥር ይሻላል ብዬ። ስህተት ነው። ጨዋታው ውስጥ ፔዳሎቹን የሚያሳየው ትንሽ መስኮት ላይ አራተኛ መስመር አለ፤ የመሪው ኃይል ጣሪያ ሲነካ ቀይ ይሆናል። በየኩርባው ቀይ ነበር። ሞተሩ አቅሙን ጨርሶ ስለነበር ጎማው ሊከዳ ሲልና ገና ሲይዝ እጄ ላይ አንድ ዓይነት ክብደት ነው የሚደርሰኝ። 65 በመቶ ሳወርደው መሪው ቀለለ፣ ወሬው ግን በዛ። የጠርዙ ድንጋይ፣ የጎማው መላላት ተለይቶ መጣ። የመሪውን ዙር 900 ዲግሪ ላይ ተዉት፤ አሴቶ ኮርሳ ለየመኪናው ራሱ ያመጣጥነዋል።

ሁለተኛ፣ አባባ። ዕድሜያቸውን በአይሱዙ ነው የጨረሱት፤ ከጎንደር ደባርቅ፣ ከዚያ ሊማሊሞን ወርደው ወደ ዛሬማ። ጣሊያን ከገደሉ ላይ የጠረበውን ያንን መንገድ በጭነት ስንት ጊዜ እንደወረዱት እሳቸውም አይቆጥሩትም። ዩሮ ትራክ ሲሙሌተር 2 የሚባል የጭነት መኪና ጨዋታ ከፈትኩላቸውና «አባባ፣ እስኪ ይሞክሩት» አልኳቸው። ጫማቸውን አውልቀው ተቀመጡ። መሪውን ወደዱት፤ አያያዛቸውም የሾፌር ነው። አውራ ጣታቸው መሪው ውስጥ አይገባም፣ ላዩ ላይ ነው የሚያርፈው። መብራት ሄዶ ሲመጣ መሪው ራሱን ስለሚያዞር እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደሳቸው ይዣለሁ።

ፍሬኑ ላይ ሲደርሱ ግን ፊታቸው ተለወጠ።

«ይኼ ፍሬን መጀመሪያ ባዶ ነው፣ ቀጥሎ ድንጋይ ነው» አሉ። ሦስት ጊዜ ደጋግመው ረገጡት። «ፍሬን እኮ ርቀት አይደለም፣ ጉልበት ነው። ሊማሊሞ ላይ ስወርድ እግሬ የት እንደደረሰ አላውቅም ነበር። ስንት እንደተጫንኩ ግን አውቃለሁ።»

ይህን ንግግር ሁለት ቀን ሳስበው ቆየሁ፤ ትክክል ናቸው። በእውነተኛ መኪና ዘይቱ አይታመቅም። ሸራው ዲስኩን አንዴ ከነካ በኋላ ፔዳሉ ብዙም አይንቀሳቀስም፤ የሚለየው የእግር ጉልበት ነው። የእኔ ፔዳል የሚለካው ደግሞ አንግል ብቻ ነው። ከፍሬኑ ሞላ ውስጥ ፋብሪካው ጉልበት እንዲመስል ያስገባው ጎማ አለ፤ እግር መጀመሪያ ልል ሞላ ያገኛል፣ ከዚያ ጎማው ላይ ይቆማል። 100 በመቶ ለማድረስ ያንን ጎማ መጭመቅ አለብኝ። በመሐሉ ያለችው፣ በጣም የምትፈለገዋ ከ70 እስከ 90 በመቶ ያለችው ቦታ፣ ሁለት ሚሊ ሜትር እንኳ አትሆንም።

ሳምንት 7

መጀመሪያ በርካሹ ልሞክር አልኩ። ጎማውን አወጣሁና ከበረባሶ ሶል ቆርጬ አስገባሁ። ከፋብሪካው የባሰ ደረቀ። ቀጥሎ ከባጃጅ ካላማዳሪ ቀጫጭን ክብ እየቆረጥኩ፣ ትልቁን ከታች ትንሹን ከላይ አድርጌ ደረደርኩ። ይህ ተሻለ፤ ባዶውና ድንጋዩ መሐል መጠነኛ መሰላል ተፈጠረ። ወጪ 100 ብር። በጀት ለሌለው እዚህ ላይ ቢያቆም ምንም አይጎድልበትም።

እኔ ግን የአባባ ነገር አልለቀቀኝም። ጉልበትን ራሱን መለካት ፈለግሁ።

ሳምንት 8

ጉልበት የሚለካው ሎድ ሴል ነው። እሱን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የየሱቁ ዲጂታል ሚዛን ሆድ ውስጥ አለ። ቅዳሜ ገበያ ሚዛን የሚጠግን ሰው ጋ ስክሪኑ የሞተ ባለ 40 ኪሎ ሚዛን በ700 ብር ገዛሁ። ስፈታው የጣት ውፍረት ያለው፣ መሐሉ የተቦረቦረ የአሉሚኒየም ዘንግ ወጣ፤ አራት ሽቦ አለው፣ ቀይ፣ ጥቁር፣ አረንጓዴ፣ ነጭ። ቀዩና ጥቁሩ ኤሌክትሪክ ይሰጡታል፣ ሁለቱ ሲግናሉን ያወጣሉ።

ሲግናሉ በጣም ደካማ ስለሆነ ኤችኤክስ 711 የሚባል ትንሽ ሰሌዳ ያጎላዋል (450 ብር)። ከእሱ ወደ አርዱኢኖ ፕሮ ማይክሮ፣ ፕሮግራም የሚጫንባት ትንሽ ሰሌዳ (1,800 ብር፣ ምህንድስና የሚማር ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ ያመጣው)። ፕሮ ማይክሮ የተመረጠበት ምክንያት ኮምፒውተሩ እንደ ጆይስቲክ ስለሚያየው ነው። አርዱኢኖ ኡኖ ካላችሁ በቀጥታ ይህን አያደርግም።

ሦስት ቀን ምንም አላነበበም። በጣቴ ስጫነው ዜሮ፣ በእግሬ ዜሮ። ሽቦውን ደጋግሜ በየድኩት። ችግሩ ሽቦው አልነበረም። ዘንጉን ከላሜራው ጋር ሙሉ ለሙሉ አስተኝቼ ነበር ያሰርኩት። ሎድ ሴል የሚያነበው መታጠፉን ነው፤ በዓይን የማይታይ ቢሆንም መታጠፍ አለበት። ሥሩ ላሜራ ካለ አይታጠፍም። በታሰረበት ጫፍ ሥር ሁለት ሁለት ሮንዴላ አስገብቼ የወረቀት ደብተር የሚያህል ክፍተት ስሰጠው ቁጥሩ ወዲያው ተነሣ። እዚያ ወለል ላይ ተቀምጬ በአውራ ጣቴ እየተጫንኩ ቁጥሩ ሲወጣና ሲወርድ ለረጅም ጊዜ ሳየው ነበር።

ሌላ ችግር፦ ፍሬኑ ዘግይቶ ይይዛል። ሰሌዳው ከፋብሪካ ሲመጣ በሴኮንድ 10 ጊዜ ብቻ ነው የሚያነበው። ለሚዛን ይበቃል፣ ለእሽቅድምድም አይበቃም። የሰሌዳው ቺፕ 15ኛ እግር ከኔጌቲቩ (ግራውንድ) ጋር ተበይዷል። በመርፌ አንሥቼ ከጎኑ ካለው ከ16ኛው ጋር በየድኩት፤ በሴኮንድ 80 ሆነ። መዘግየቱ ጠፋ። እግሩ እንደ ፀጉር ቀጭን ነው፣ ጥሩ ብርሃን ይኑራችሁ።

ሳምንት 9

ሎድ ሴሉን አበላሸሁት።

የገጠምኩት የፔዳሉ ማጠፊያ አጠገብ፣ ከማጠፊያው 5 ሴንቲ ሜትር ላይ ነበር፤ ቦታ ያለው እዚያ ስለሆነ። እግር የሚያርፈው 20 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። ያ ማለት የእግሬ ጉልበት በ4 ይባዛል። 30 ኪሎ ስረግጥ ሴሉ ላይ የሚያርፈው 120 ኪሎ ነው፣ አቅሙ ግን 40። ይህን ስሌት የሠራሁት ከተበላሸ በኋላ ነው። አባባ ሊያዩት መጥተው አንዴ በደንብ ረገጡት። እግራቸውን ሲያነሡ ቁጥሩ ወደ ዜሮ አልተመለሰም፤ 11 ኪሎ ላይ ቀረ። አሉሚኒየሙ ከአቅሙ በላይ ታጥፎ ቀርቷል።

«ሰበርኩብህ?» አሉኝ ደንግጠው።

«አይ አባባ፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት፤ ቦታው ነው» አልኩና ስሌቱን ወረቀት ላይ አሳየኋቸው። ቁጥሩን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ክሪክ እንደማንሣት ነው» አሉ። አዎ፣ ልክ እንደ ክሪክ ዘንግ ነው።

ሳምንት 10

ሁለተኛ ሚዛን፣ 900 ብር፣ እሱም ባለ 40 ኪሎ። አሁን ከማጠፊያው 15 ሴንቲ ሜትር ላይ። 20 ለ15፣ ማለትም አንድ ሦስተኛ ብቻ ነው የሚጨምረው፤ 30 ኪሎ ስረግጥ 40 ያርፍበታል። ለዚያ ደግሞ ከሴሉ ጫፍ ሥር አንድ ቡሎን በዳዶ አቁሜያለሁ፤ ሴሉ ከተወሰነ በላይ ሊታጠፍ ሲል ቡሎኑ ይቀበለዋል። የቡሎኑን ከፍታ ያስተካከልኩት አንድ ወረቀት ብቻ እንዲያልፍ አድርጌ ነው።

በፔዳሉና በሴሉ መሐል የካላማዳሪው ድርድር አለ፤ ፔዳሉ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሄዳል፣ ከዚያ በኋላ ጉልበት ብቻ ነው። በፕሮግራሙ 25 ኪሎ 100 በመቶ እንዲሆን አደረግሁ። 30 ሞክሬ ነበር፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ባቴ ዛለ። ፕሮግራሙ ሲነሣ ዜሮውን ራሱ ይወስዳል፤ ዩኤስቢውን ስትሰኩ እግራችሁ ፔዳሉ ላይ አይሁን።

አሴቶ ኮርሳ መሪውን ከአንድ ዕቃ፣ ፍሬኑን ከሌላ ዕቃ ይቀበላል፤ ላይቭ ፎር ስፒድም እንዲሁ። አንድ ዕቃ ብቻ የሚቀበሉ ጨዋታዎች ስላሉ ከመሥራታችሁ በፊት የምትወዱትን ጨዋታ አጣሩ።

ሳምንት 11

ሞንዛ የሚባለው የጣሊያን የእሽቅድምድም ሜዳ፣ 5.793 ኪሎ ሜትር፣ ቢኤምደብሊው ኤም 3 ኢ 30። ሞንዛን የመረጥኩት ረጅሙ ቀጥታ መንገድ መጨረሻ ላይ ያለው የመጀመሪያው ኩርባ የፍሬን ፈተና ስለሆነ ነው፤ ከሙሉ ፍጥነት ወደ ሁለተኛ ማርሽ። ከሥራው በፊት በፋብሪካው ፍሬን 10 ዙር ነድቼ መዝግቤ ነበር፤ በፈጣኑና በዘገምተኛው ዙር መሐል 3.8 ሴኮንድ ልዩነት ነበረ፣ አራት ጊዜ የፊት ጎማ ቆልፌ ወጥቻለሁ። አሁን በዚያው መኪና፣ በዚያው ሜዳ 10 ዙር፦ ልዩነቱ 1.4 ሴኮንድ፣ የተቆለፈ ጎማ አንድ። ፈጣኑ ዙሬ የተሻሻለው በግማሽ ሴኮንድ ብቻ ነው። የተለወጠው መደጋገም መቻሌ ነው። ጎማው ሊቆለፍ ሲል ጥቂት ጉልበት እቀንሳለሁ፤ እግሬ ስንት እንደሆነ ያውቃል።

ጠቅላላ ወጪ 46,950 ብር፤ ከዚህ ውስጥ 27,500 መሪው ከነማስመጫው፣ 9,750 ማቆሚያው፣ 3,850 የሎድ ሴሉ ሥራ ከተበላሸው ጋር፣ 3,500 ወንበሩ፣ 1,600 በከንቱ የወጣ እንጨት፣ የቀረው ክሊነርና ጎማ። ዛሬ ብጀምር ከመሪው ቀድሜ ማቆሚያውን እሠራ ነበር። ብዙ ሰው መሪውን ወደ ውድ፣ በቀበቶ ወደሚዞር ወይም ሞተሩ በቀጥታ ወደሚያዞረው (ዳይሬክት ድራይቭ) ስለማሳደግ ነው የሚጠይቀኝ፤ እኔ የምለው ወንበራችሁ ከተንቀሳቀሰና ፍሬናችሁ ርቀት ከለካ ያ ሁሉ ገንዘብ እግር ሥር ይፈስሳል።

ያልተፈታ ነገር፦ ማታ ሲበርድ ዜሮው በግማሽ ኪሎ ያህል ይሸሻል። ዩኤስቢውን ነቅዬ እሰካዋለሁ፣ ለጊዜው። ሰሌዳውን ከብርድ የሚከልል ሣጥን እሠራለት ይሆናል።

አባባ ትናንት ፍሬኑን ለግማሽ ሰዓት ሞከሩት። ሲነሡ ስለ ፍሬኑ ምንም አላሉም። «ማርሹስ?» አሉ፣ የመሪውን ጀርባ በጣታቸው እየነኩ። «በጣት ማርሽ ይቀየራል እንዴ?» ቅዳሜ ጋራዡ ሄጄ የአሮጌ ካምቢዮ ዘንግ እጠይቃለሁ።